በር ላይ የሚነበብ ሰደርያ፦ የ«ቤይል ኢንፎርስመንት» ልብስ ግምገማ ከሲያትል

ሥራዬ በዋስ ተለቀው ከፍርድ ቤት ቀጠሯቸው የቀሩ ሰዎችን፣ በገንዘብ ዋስ የሆናቸው ድርጅት ልኮኝ፣ ፈልጎ መመለስ ነው። የዋሽንግተን ስቴት ላይሰንሴ (የሥራ ፈቃዴ) ላይ «ቤይል ቦንድ ሪከቨሪ ኤጀንት» ይላል፤ ሰዉ «ባውንቲ ሀንተር» ይለናል፤ ልብሳችን ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ «ቤይል ኢንፎርስመንት»፣ ማለትም ዋስትና ማስከበር፣ ተብሎ ይጻፋል። ሦስቱም ያው አንድ ሥራ ናቸው። የምሠራው ኪንግ ካውንቲ ውስጥ ነው፤ ከሬኒየር ቫሊ ተነስቼ ተክዊላን፣ ሬንተንንና ኬንትን አዳርሳለሁ። ሐበሻው በብዛት የሚኖርበት ሰፈር ስለሆነ፣ ሳንኳኳ ከውስጥ አማርኛ ወይም ትግርኛ የምሰማባቸው በሮች ጥቂት አይደሉም።

ይህ ግምገማ ስለ አንድ ሰደርያ ነው። ከልብስ በላይ የሚደረብ፣ ፊትና ጀርባው ላይ ጽሑፍ የሚለጠፍበት፣ ውስጡ የጥይት መከላከያ የሚገባበት ነው። የገዛሁት በኢንተርኔት ከሚሸጥ ድርጅት ሲሆን ስሙን አልጠራም፤ ያንኑ ዕቃ በተለያየ ስም የሚሸጡ ብዙ ስለሆኑ የምለው ለሌሎቹም ይሠራል። ሰደርያው ብቻውን 95 ዶላር ነው። ጽሑፍ ያለባቸው የፊትና የጀርባ ልጥፎች ለብቻቸው 38 ዶላር ያስከፍላሉ። የጥይት መከላከያው ፓነል ሌላ ግዢ ነው። ይህን ሳያውቁ ሰደርያውን ብቻ ለብሰው የተማመኑ አዳዲስ ልጆች አይቻለሁና አጥብቄ እናገራለሁ፦ ሰደርያው ጨርቅ ነው። 500 ዴኒየር የሚባል ጠንካራ ናይሎን ነው፤ ያም ሆኖ ጨርቅ ነው። የሽጉጥ ጥይት የሚያቆመው ውስጡ የሚገባው፣ ደረጃ ሦስት ኤ የሚባለው ፓነል ነው።

ስለ ኪሱና ስለ ዚፑ ከማውራቴ በፊት ግን በምን እንደመዘንኩት ልናገር። በር የከፈተ ሰው፣ እኔ ገና አፌን ሳልከፍት፣ ፖሊስም ዘራፊም አለመሆኔን ከልብሴ ማወቅ አለበት። ለእኔ የሰደርያው ሥራ ይህ ነው። የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ይህን ያህል የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ኦገስት 31 ቀን 1997 ፊኒክስ፣ አሪዞና ውስጥ ጭንብል ያጠለቁና የጥይት መከላከያ የለበሱ ሰዎች አንድ ቤት በሌሊት ሰብረው ገብተው ሁለት ወጣቶችን ገደሉ። ሲያዙ «ባውንቲ ሀንተሮች ነን፣ በዋስ ወጥቶ የጠፋ ሰው ፈልገን ነው» አሉ። ፖሊስ ሲያጣራ የመጡት ለዝርፊያ እንደሆነ ደረሰበት። ያ ውሸት መጀመሪያ ላይ ሊታመን የቻለው፣ እውነተኞቹም ምን ለብሰው እንደሚመጡ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ይመስለኛል። እዚያው ፊኒክስ በኦገስት 2015 ደግሞ እውነተኛ የዋስትና አስከባሪዎች በማኅበራዊ ሚዲያ የደረሳቸውን የተሳሳተ ጥቆማ አምነው በምሽት አንድ ቤት ከበቡ። ቤቱ የከተማው ፖሊስ አዛዥ ቤት ሆኖ ተገኘ። ከመካከላቸው አንዱ ታሰረ። አዛዡ የሚደውልለት ሰው ነበረው፤ መብቱን ያውቃል፣ ቋንቋው አፉ ላይ ነው። ያ ቡድን የተክዊላ አንዲት አያት በር ላይ ቆሞ ቢሆን ብዬ አስባለሁ። በጁን 2025 ሚኒሶታ ውስጥ የሆነውንማ ሁላችንም ሰምተነዋል፤ እንደ ፖሊስ የለበሰ ሰው በአንድ ሌሊት የምክር ቤት አባላትን በር አንኳኩቶ፣ የቀድሞዋ አፈ ጉባኤ ሜሊሳ ሆርትማንና ባለቤቷ ተገደሉ። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ሰደርያ የለበሰ ሰው በር ላይ ሲያይ ልቡ የማይደነግጥ የለም፤ አይፈረድበትምም።

ሕጉ ራሱ ለዚህ ሥራ ብዙ ሥልጣን ሰጥቷል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1872 ቴይለርና ቴይንተር በተከራከሩበት መዝገብ፣ ዋስ የሆነ ሰው ዋስ የሆነለትን ግለሰብ በፈለገው ጊዜ ሊይዘው፣ ወደ ሌላ ስቴት ሊከተለው፣ በሰንበት ሊይዘው፣ ካስፈለገም ቤቱን ሰብሮ ሊገባ እንደሚችል ጻፈ። እስከ ዛሬ የምንሠራው በዚያ መነሻ ነው። ብዙ ስቴቶች ኋላ ላይ በየራሳቸው ልጓም አበጁለት። ዋሽንግተን በ2004 ባወጣችው ሕግ፣ አስቀድሞ ታቅዶ በኃይል ቤት የሚገባ ኤጀንት ተፈላጊው ውስጥ እንዳለ የሚያሳምን ምክንያት ሊኖረው፣ ለአካባቢው ፖሊስም ሊያሳውቅ ይገባል። በሚገባበትም ጊዜ የለበሰው ሸሚዝ ወይም ሰደርያ ላይ «ቤይል ቦንድ ሪከቨሪ ኤጀንት»፣ «ቤይል ኢንፎርስመንት» ወይም «ቤይል ኢንፎርስመንት ኤጀንት» የሚል ጽሑፍ መኖር አለበት። ፊደሉ ቁመቱ ቢያንስ 2 ኢንች፣ አንጸባራቂ፣ ከልብሱ ቀለም ጎልቶ የሚለይ፣ በፊትም በጀርባም ያለ መሆን አለበት። እኔ ይህን ሕግ እወደዋለሁ። ባለሙያ የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል፤ በሌሊት፣ በዝናብ፣ ከኋላ ሆኖ የሚያይ ፖሊስም ጭምር እንዲያነበው ታስቦበታል።

እንግዲህ ወደ ዕቃው። ሻጩ አራት ቀለም ያቀርባል፦ ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ወይራማ አረንጓዴና ጥቁር ቡናማ። ጥቁሩና ሰማያዊው የፖሊስ ናቸው፤ ከሩቅ ያየ ሰው ጽሑፉን ሳያነብ ፍርዱን ይሰጣል። ወይራማው ለፈረንጁ ምንም ላይሆን ይችላል። ለእኛ ሰው ግን፣ በተለይ በደርግ ዘመን በሌሊት በር የተንኳኳበት ትውልድ ገና በየቤቱ ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጣ ነው። ከእነሱ ልጆች አንዱ ነኝና በዚያ ቀለም በራቸው ላይ አልቆምም። ቡናማውን ወሰድኩ። ነጭ ጽሑፍ በደንብ ይታይበታል፣ የማንም መሥሪያ ቤት ደንብ ልብስ አይመስልም። ከድርጅቱ ካታሎግ ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚሆነው እሱ ብቻ ነው እላለሁ፤ እንዲያውም የሚያስተዋውቁት ጥቁሩን ነው፣ ቡናማውን ከገጹ ታች ነው ያገኘሁት።

ትልቁ ችግር ያለው ጽሑፉ ላይ ነው። የጀርባው ልጥፍ ደህና ነው፤ ሰፊ ነው፣ ማስመሪያ ሳስጠጋበት ፊደሎቹ ከ2 ኢንች ትንሽ ይበልጣሉ። የፊቱ ግን ከ2 ኢንች በታች ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ «ኢንፎርስመንት» በእንግሊዝኛ 11 ፊደል ነው፣ ደረት ላይ ያለው ቦታ ደግሞ ጠባብ ነው። ቃሉን በአንድ መስመር ለማስገባት ሲሉ ፊደሉን አሳነሱት። ይህ ማለት አንድ አዲስ ኤጀንት ድርጅቱን አምኖ፣ «ለሥራው የተሠራ» የሚለውን ማስታወቂያ አንብቦ ቢገዛና ታቅዶ በኃይል በሚገባበት ቤት ይህን ለብሶ ቢገባ፣ ከመጀመሪያው እርምጃው ሕግ ጥሷል። 38 ዶላር ከፍሎ። ለድርጅቱ ጽፌላቸው ነበር፤ «መደበኛ መጠናችን ነው» የሚል መልስ ሰጡኝ። የዋሽንግተን ደንበኛ እንዳላቸው ያውቃሉ፣ ወደዚሁ ይልካሉ፣ ስለዚህ ይህ መልስ አይበቃም።

ከመጠኑ የባሰው ግን የቃላቱ አደራደር ነው። በሦስት መስመር የተጻፈ ነው፦ ከላይ «ቤይል»፣ መካከል «ኢንፎርስመንት»፣ ከታች «ኤጀንት»። «ኤጀንት» አጭር ቃል ስለሆነ ቦታውን ለመሙላት አግዝፈው ጽፈውታል። አሁን የመገናኛ ራዲዮውን ማይክ እንደተለመደው ደረቴ ላይ ሳንጠለጥለው «ቤይል» ይሸፈናል። የእጅ ባትሪዬን ኪሱ ውስጥ ስከት «ኢንፎርስመንት» ግማሹ ይጠፋል። ፊት ለፊት የቀረው ምንድን ነው? «ኤጀንት» ብቻ። በር የከፈተች እናት፣ ወይም የኢሚግሬሽን ወረቀቱ ያልተጠናቀቀለት ልጅ፣ ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ ውስጥ የሚያነበው ያንን አንድ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ለእሱ አንድ ነው፦ የፌዴራል መንግሥት መጣ። ማንንም ለማታለል ሳይታሰብ፣ በኪስ አቀማመጥ ብቻ፣ ሰደርያው ይዋሻል። ስለዚህ ለባልደረቦቼ የምመክረው «ኤጀንት» የሚለውን ጨርሶ እንዲተዉት ነው። ሕጉ «ቤይል ኢንፎርስመንት» ብቻ እንዲሆን ይፈቅዳል። ሁለት መስመር ይበቃል፤ «ቤይል» ደግሞ ትልቁ ቃል ይሁን።

ልጥፎቹን ከሰደርያው ጋር የሚያያይዘው ቬልክሮ በደረቅ ቀን በጣም ይይዛል። ሲያትል ግን በዝናቡ ወራት ደረቅ ቀን ብርቅ ነው። ከኦክቶበር ጀምሮ በሚወርደው በዚያ ቀጭን ዝናብ ሲረጥብ የልጥፉ ማዕዘኖች መነሳት ይጀምራሉ፤ የመኪና ቀበቶ ሲፈታ ሲታሰር እየጎተተ ይጨርሳቸዋል። የጀርባው አንዴ ከመኪና ወንበር ላይ ተላቅቆ ቀርቶ፣ ባልደረባዬ አይቶ ነው የመለሰልኝ። ጀርባዬ ባዶ ሆኖ በሌሊት የሰው ግቢ ብዞር፣ ከኋላዬ የሚመጣ ፖሊስ የሚያየው የታጠቀ ሰው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አራቱንም ማዕዘን በክር አስሰፋሁት። ድርጅቱ ልጥፉ እንዲነሳ የሚፈልገው ያንኑ ሰደርያ ለተለያየ ሥራ መሸጥ እንዲችል ነው፤ ለእኛ ግን የሚነሳ መለያ አይጠቅምም።

አንጸባራቂነቱን በተመለከተ ግን አመሰግናለሁ። የእጅ ባትሪ ሲበራበት ከመንገድ ማዶ ይነበባል፤ የመኪና መብራትም እንደዚያው። አንድ ያልጠበቅሁት ነገር አለ፣ ዛሬ በየቤቱ ስላለው የበር ደወል ካሜራ። አብዛኞቹ እነዚህ ካሜራዎች በጨለማ የሚያዩት ለዓይን በማይታይ ብርሃን ነው፤ አንጸባራቂው ፊደል ያንን ብርሃን ወደ ካሜራው መልሶ ይወረውረዋል። በራሴ ቤት ሞከርኩት፤ እኔ ደጅ ቆሜ ባለቤቴ ውስጥ ሆና ስልኳ ላይ እንድታነብልኝ ጠየቅኋት።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«ምንም አይልም፣ ደረትህ ላይ ነጭ ነገር ነው የሚበራው» አለችኝ።

በረንዳው ላይ ያለውን መብራት ስታበራው ግን ጥርት ብሎ ተነበበላት። ስለዚህ አሁን ደወል ከደወልኩ በኋላ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እልና የውጭ መብራት ወዳለበት እዞራለሁ፤ ከሌለ የራሴን ባትሪ ወደ መሬት አበራለሁ። የዚህን ካሜራ ነገር ሻጮቹ አንድ ቦታ ላይ እንኳ አልጻፉትም፤ ዛሬ ግን ሰው በሩን ከመክፈቱ በፊት የሚያየን በዚያ ካሜራ ነው።

ስለ ምቾቱ ባጭሩ፦ ትከሻው ላይ ያለው ስፖንጅ ጥሩ ነው፣ ከነፓነሉ ረጅም ሰዓት መኪና ውስጥ ቢቀመጡበት አያደክምም። የጎኑ ማሰሪያ ለወፍራምም ለቀጭንም ይሆናል። ዚፑ ከፊት መሆኑ ግን መጥፎ ነው፤ ሲሞቅ ከፈት ካደረጉት ጽሑፉ ለሁለት ይከፈላል። በጎን የሚዘጋ ካገኛችሁ ይሻላል፤ ይህንን ከገዛችሁ ግን ዚፑን አትክፈቱት።

አሁን ወደ ኮከቡ። ድርጅቱ ሰደርያ ለገዛ ሁሉ በነጻ አንድ ባጅ ይልካል፤ ወርቃማ፣ ባለ ኮከብ፣ ከላዩ ንስር ያለበት፣ በቆዳ መያዣ ወገብ ላይ የሚንጠለጠል። ያምራል። አላደረግሁትም፣ አላደርገውምም። በዋሽንግተን ባጅ የሚደረገው የላይሰንስ መሥሪያ ቤቱ ያጸደቀው ከሆነ ብቻ ነው። ቃለ መሐላ የፈጸመ የሕግ አስከባሪ መኮንን እንደሆንን ሰው እንዲያምን የሚያደርግ ነገር መናገርም ክልክል ነው። አንደበት ያልተፈቀደለትን ወገብ ላይ የተንጠለጠለ ኮከብ ሊናገረው አይገባም። በዚያው ገጽ ላይ «ፊውጂቲቭ ታስክ ፎርስ» (የተፈላጊዎች አሳዳጅ ግብረ ኃይል) የሚል ልጥፍም ይሸጣሉ። ካሊፎርኒያ ይህን በስም ለይታ ከልክላለች፤ እዚያ የዋስትና አስከባሪ ልብስ ላይ «ዩናይትድ ስቴትስ»፣ «ቢሮ»፣ «ታስክ ፎርስ»፣ «ፌዴራል» የሚሉ ወይም የመሳሰሉ ቃላት መታየት የለባቸውም። አሪዞናና ቴክሳስም የመንግሥት ሠራተኛ የሚያስመስል ደንብ ልብስ፣ ባጅና ምልክት ይከለክላሉ። ታዲያ ይህን ሁሉ እየሸጡ «ለባለሙያ» ማለት ምን ማለት ነው? ነጻውን ባጅ ከሚልኩ ትክክለኛውን ልጥፍ ከሰደርያው ጋር ቢልኩ ይሻል ነበር።

ከሰደርያው ጋር ለብቻ የገዛሁት የአንገት መታወቂያ መያዣ ግን ከሁሉም የተሻለው ዕቃ ነው፤ 12 ዶላር ብቻ። አንድ በኩል ላይሰንሴ፣ በሌላው በኩል ተፈላጊውን እንድይዝ የዋስትናው ድርጅት የሰጠኝ ውል ቅጂ ታጥፎ ይገባበታል። ገመዱ በኃይል ከተጎተተ ራሱ የሚለቅ ነው፤ ሰው አንገቴን ሊያንቅበት አይችልም። የፕላስቲኩ መስኮት በቅዝቃዜ ጉም ይይዛል፣ በእጅጌ ጠርግ ጠርግ ማድረግ ይጠይቃል። እዚህ ስቴት ውስጥ የውሉን ቅጂ ይዘን መንቀሳቀስ አለብን፤ ከተጠየቅን ለተፈላጊው፣ ለገባንበት ቤት ነዋሪዎች፣ ለንብረቱ ባለቤት ወይም አስተዳዳሪ፣ ለፖሊስም ላይሰንሱንና ውሉን ማሳየት ግዴታችን ነው። ወረቀቱን መኪና ውስጥ ትተው የሚወጡ አሉ። ልብሱ ግማሹን ነው የሚናገረው፣ ሌላውን የሚናገረው ያ ወረቀት ነው።

ይህንን ያየሁት ኬንት ውስጥ አንድ አፓርትመንት ላይ ነው። አንዲት እናት በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈቱልኝ።

«ማነው?»

«እንደምን አመሹ እናቴ። ፖሊስ አይደለሁም። የልጅዎን ዋስትና ከጻፈው ድርጅት ተልኬ ነው።»

አማርኛዬን ሲሰሙ ፊታቸው አልፈታም፣ እንዲያውም ጠበቀ። ዓይናቸው ደረቴ ላይ ነበር። «ይኼ ምን ይላል?» አሉኝ። አነበብኩላቸው፤ በዋስ ወጥቶ ቀጠሮ የቀረ ሰው ፈላጊ ማለት እንደሆነም ነገርኳቸው።

«ፖሊስ ካልሆንክ ታዲያ በዚህ ሰዓት ቤቴን ምን ብለህ ታንኳኳለህ?»

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ላይሰንሴንና ውሉን በስንጥቁ አሳልፌ ሰጠኋቸው። ሴት ልጃቸውን በቪዲዮ ደውለው ወረቀቱን በስልኩ አሳዩአት፤ እሷም ቃል በቃል ተረጎመችላቸው። እኔ ደረጃው ራስ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ሲጨርሱ ወረቀቱን መለሱልኝና ያልጠበቅሁትን ነገር ተናገሩ፦ «ልጄ፣ ሥራህን ሥራ፣ እኔ አልከለክልህም። ግን ይኼን ጀርባህ ላይ ለጥፈህ ደጄ አትቁም፤ ጎረቤት ያነባል።» ልጃቸው እቤት አልነበረም። በማግስቱ ከእህቱ ጋር ሆኖ በራሱ ፈቃድ መጣ።

የእሳቸው ቃል ስለዚህ ልብስ ከሰማሁት ሁሉ ከባዱ ነው፤ ምክንያቱም ልክ ናቸው። ያ የሚያበራ ጽሑፍ ለከፈተልኝ ሰው ማንነቴን ይናገራል፤ ለሰፈሩ ደግሞ የሰውን ገመና ያወጣል። አፓርትመንቱ በሙሉ ሐበሻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ አንድ፣ ዕድሩ አንድ። የሚፈለገው ሰው ገና አልተፈረደበትም፤ ሕጉ ንጹሕ ነው እያለ እኔ በጀርባዬ ፍርድ ይዤ መጣሁበት። ለዚህ ሙሉ መልስ የሚሆን ሰደርያ ሠርቶ የሚሸጥ ሰው አላገኘሁም። የማደርገው ይህን ነው፦ ከመኪናው እስከ በሩ ላዩ ላይ ተራ የዝናብ ጃኬት እደርባለሁ፤ በሩ ጋ ስደርስ፣ ከማንኳኳቴ በፊት፣ ከፍቼ ወደ ኋላ እጥለዋለሁ። ታቅዶ በኃይል የሚገባበት ጊዜ ከሆነ ግን መጀመሪያውኑ ጃኬቱን መኪና ውስጥ እተወዋለሁ፤ እዚያ ላይ ምንም መሸፈን የለም። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ጃኬት መደበቅ ነው ይሉታል። እኔ የምደብቀው ከጎረቤት ነው፤ ከከፈተልኝ ሰው አይደለም።

ቨርጂኒያ ላላችሁ አንባቢዎች፦ እዚያ ላይሰንሱን የሚሰጠው የወንጀል ፍትሕ አገልግሎቶች መሥሪያ ቤት ነው፤ ዕድሜ 21፣ ሥልጠና 40 ሰዓት ይጠይቃል። የመንግሥት ሠራተኛ የሚያስመስል ደንብ ልብስም ባጅም ክልክል ነው፤ የሚደረገው መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ወይም ያጸደቀው መታወቂያ ብቻ ነው። አጣዳፊ ሁኔታ ካልሆነ በቀር ከ24 ሰዓት በፊት ለፖሊስ ማሳወቅ፣ ሰው ከተያዘም በ60 ደቂቃ ውስጥ መናገር ግዴታ ነው። መኖሪያ ቤት ከመግባት በፊት ውስጥ ላሉት በቃል ማሳወቅም እንደዚያው። ኦሪገን ደግሞ በገንዘብ የሚሠራ የዋስትና ንግድ ጨርሶ የለም። የኮሎምቢያን ወንዝ ተሻግሬ ፖርትላንድ ከገባሁ ይህ ሰደርያ ብርድ ከመከላከል ያለፈ ሥልጣን የለውም፤ ለብሶት የሚያንኳኳ ካለም ዝም አትበሉት።

ሥራውን ለማያውቁ ወገኖቼም አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ የለበሰ ሰው በራችሁን ካንኳኳ በሩን ሳትከፍቱ ማን እንደሆነ፣ ማንን እንደሚፈልግ፣ ከየትኛው ድርጅት እንደመጣ ጠይቁት። ላይሰንሱንና የውሉን ቅጂ በመስኮት ወይም በካሜራ ያሳያችሁ። ዋሽንግተን ውስጥ የላይሰንስ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ስሙን መፈለግ ይቻላል። ጥርጣሬ ካላችሁ 911 ደውሉ፣ «አምሃሪክ» በሉ፣ አስተርጓሚ በስልክ ያገናኟችኋል። እውነተኛ ኤጀንት በዚህ አይቆጣም፤ ፖሊስ ቢመጣ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። የሚቆጣና «ክፈት» እያለ የሚጮህ ከሆነ የለበሰው ሁሉ ትክክል ቢሆንም እንኳ በሩን አትክፈቱለት።

ለመግዛት ላሰበ፦ ሰደርያውን ግዙ፣ በቡናማ። ከልካችሁ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጉ፤ ፓነሉ ሲገባ ይጠብባል። የፊቱን ልጥፍ ከእነሱ አትግዙ። እኔ በሰፈሬ ያለ የጥልፍና የህትመት ሱቅ በ30 ዶላር ሠርቶልኛል፦ ላይኛው መስመር «ቤይል»፣ ታችኛው «ኢንፎርስመንት»፣ ሁለቱም ከ2 ኢንች በላይ፣ ፊደሉ ቀጠን ብሎ ቁመቱን ጠብቆ፣ ከአንዱ ብብት እስከ ሌላው ደርሶ። የራዲዮውን ማይክ ወደ ግራ ትከሻ ወሰድኩት፣ ባትሪውን ወደ ቀበቶ። ደረት ላይ ጽሑፉን የሚሸፍን ምንም ነገር አልቀረም። ኮከቡን በፖስታ መልሼላቸዋለሁ።